ለቤታ ዓሣ የሚስማማ ደባል ምንድን ነው?

ቤታ ለጌጥ ተብሎ በቤት ውስጥ በመስታወት ገንዳ የሚኖር ትንሽ ዓሣ ነው። የሚስማማ ደባል የምንለው ከእሱ ጋር በአንድ ገንዳ፣ በአንድ ዓይነት ውኃ ውስጥ እየኖረ እሱን የማያስቆጣ፣ የማይነክስ፣ በእሱም የማይነከስ እንስሳ ነው። «ጓደኛ» የሚለውን ቃል ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። ወንድ ቤታ ክልሉን ለብቻው የሚይዝ እንጂ ባልንጀራ የሚፈልግ ዓሣ ስላልሆነ፣ ሌላ ዓሣ የሚገባለት በአብዛኛው ለባለቤቱ ዓይን ሲባል ነው። ስለዚህ ጥያቄው የሚዋደዱትን ማገናኘት ሳይሆን ሳይነካኩ ሊኖሩ የሚችሉትን መምረጥ ነው።

የቤታ አገሩ ታይላንድ ሲሆን፣ እዚያ የሚጠራበት «ፕላ ካት» የሚለው ስም «ነካሽ ዓሣ» ማለት ነው። ታይላንዳውያን ለብዙ ትውልድ ለውጊያ እየመረጡ ያራቡት ዓሣ ነው፤ መንግሥታቸውም በ2019 ብሔራዊ የውኃ እንስሳ አድርጎ ሰይሞታል። በሩዝ ማሳና በረግረግ ውስጥ ሁለት ወንዶች ሲገናኙ የተሸነፈው በሣሩ መካከል ሸሽቶ ይድናል። በመስታወት ገንዳ ውስጥ ግን መሸሻ የለም፤ የተሸነፈው ዓሣ ጥቂት ዋኝቶ ተመልሶ አሸናፊው ፊት ይገኛል። ሁለት ወንድ ቤታዎችን በአንድ ገንዳ ማኖር ፈጽሞ የማይሞከረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ቤታን በይበልጥ የሚያስቆጣው ተቀናቃኙን የሚመስል ነገር ነው። ተቀናቃኝ ያየ መስሎት ሲቆጣ የስንጥቡን ክዳን ወደ ጎን ይገልጣል፣ ከሥሩ ያለው ስስ ቆዳ እንደ ጢም ብቅ ይላል፣ ክንፎቹም እስከ ጫፋቸው ይዘረጋሉ፤ መስታወት ቢያሳዩት ይህንኑ ለገዛ ምስሉ ያደርገዋል። ረጅምና ባለቀለም ጅራት ያለው ወንድ ጋፒ ሰላማዊ ዓሣ ቢሆንም ብዙ ጊዜ የሚነከሰው ከዚህ የተነሣ ነው። ጉራሚ ደግሞ የቤታ የቅርብ ዘመድ ነው፤ በቅርጹም በጠባዩም ስለሚቀርበው ጠቡ ብዙ ጊዜ ከሁለቱም ወገን ይነሣል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን የዚህ ተቃራኒ የሆነውን አደጋ ነው። ረጅም ክንፍ ያለው ቤታ ቀሚሱን እየጎተተ እንደሚሄድ ሰው ዝግ ብሎ የሚዋኝ በመሆኑ፣ እንደ ታይገር ባርብ ያሉ ፈጣን ዓሦች ክንፉን ከኋላ እየነከሱ ይቦጫጭቁታል። በእኔ አስተያየት በደባል ምርጫ ላይ ቤታን እንደ በዳይ ብቻ መቁጠር ትልቁ ስሕተት ነው።

ጠባይ ቢስማማም ውኃው ካልተስማማ ነገሩ ከንቱ ነው። ቤታ የሚፈልገው ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ውኃ ነው፤ ጎልድፊሽ ግን ቀዝቃዛ ውኃ የሚወድ፣ ብዙ ቆሻሻም የሚጥል ስለሆነ ለደባልነት አይታሰብም። ለአንድ ቤታ ብቻውን 20 ሊትር ያህል ይበቃዋል፤ ደባል የሚገባ ከሆነ ግን ከ40 ሊትር በታች ባይሞከር ይሻላል፣ 60 ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ከቁመቱ ይልቅ ርዝመቱና ዕፅዋቱ ይጠቅማሉ፤ ዓሦቹ እርስ በርስ እንዳይተያዩ የሚጋርዱት እነርሱ ናቸውና።

ቤታ ከስንጥቡ ሌላ ከአየር የሚተነፍስበት አካል ስላለው ወደ ውኃው ፊት እየወጣ አየር ይስባል፤ ምግቡንም የሚለቅመው ከዚያው ነው። ስለዚህ ከወለሉ የማይርቅ ዓሣ ከእሱ ጋር ብዙም አይጋጭም። የእኛ አምባዛ የሩቅ ዘመድ የሆነው፣ እንደ እሱ በአፉ ዙሪያ ጢም ያለው ትንሹ ኮሪዶራስ ለዚህ ተመራጭ ነው፤ በተለይ ስተርባይ የሚባለው ዓይነት ሙቀቱን በሚገባ ይችላል። ቢያንስ 6 ሆነው እንዲኖሩ፣ ጢማቸውም እንዳይጎዳ ወለሉ ደቃቅ አሸዋ እንዲሆን ያስፈልጋል። ለመካከለኛው ውኃ ሃርለኲን ራስቦራ ወይም ኤምበር ቴትራ የሚባል ትንሽ ዓሣ ይሆናል፤ ሁለቱም ጅራታቸው አጭር፣ ኑሯቸውም በመንጋ ነው።

ቀንድ አውጣም ይስማማል፤ ብቻ አንዳንድ ቤታ የሚንቀሳቀሰውን የቀንድ አውጣ ቀንድ ትል መስሎት ይነክሰዋል። ሽሪምፕ የሚባለው ባለብዙ እግር ትንሽ የውኃ እንስሳ ግን ለአንዱ ቤታ ጎረቤት፣ ለሌላው ምሳ ነው። ቀንድ አውጣም ሽሪምፕም ባለበት ገንዳ መዳብ ያለበት የዓሣ መድኃኒት አይጨመርም፤ ይገድላቸዋል።

አዲስ የተገዛው ዓሣ በሽታ እንዳያመጣ በመጀመሪያ ለ2 እስከ 4 ሳምንት በሌላ ዕቃ ለብቻው ይቆያል። ከተቻለ ደባሎቹ ቀድመው ገብተው ቤታው መጨረሻ ቢገባ መልካም ነው፤ ቀድሞ የገባ ቤታ ገንዳውን በሙሉ የራሱ ያደርገዋልና። ቤታው አስቀድሞ የሚኖርበት ከሆነ ደግሞ ድንጋዩንና ዕፅዋቱን ቦታ ማቀያየር የያዘውን ክልል ያደበዝዝበታል። በመጀመሪያው ቀን ጥቂት መቆጣት ያለ ነው። ሳያቋርጥ ካሳደደ፣ የአንዱ ክንፍ ከተቀደደ፣ ወይም ከዓሦቹ አንዱ ከመደበቂያው ለምግብ እንኳ አልወጣ ካለ ግን እስኪለምዱ ብሎ መጠበቅ አይገባም፤ በዚያው ሰዓት መለየት ያስፈልጋልና፣ ማሞቂያ ያለው ተጨማሪ ዕቃ ደባሉ ከመገዛቱ በፊት ተዘጋጅቶ መገኘት አለበት።