መሬቱ ተሸጠ እንዴ?

መንግሥት መሬቱን ከግል አልሚ ጋር ሊያለማ ነው ሲባል፣ አጥር ሳይታጠር ወሬ ይቀድማል። ከሚወራው ብዙው ግን ልክ አይደለም።

«መሬቱ ተሸጠ»

ብዙ ጊዜ አይሸጥም፤ በሊዝ ነው የሚሰጠው። ባተሪ ፓርክ ሲቲ የሚባለው የኒውዮርክ ሰፈር የተሠራው የወንዝ ዳር በአፈር ተሞልቶ ነው። ከአፈሩ ከፊሉ ለዓለም ንግድ ማዕከል መሠረት ሲቆፈር የወጣ ነው። ሕንፃዎቹን የግል ኩባንያዎች ገነቡ፤ መሬቱ ግን ዛሬም የሕዝብ ተቋም ንብረት ነው። እዚያ አፓርታማ የገዛ ሰው እንኳ ለመሬቱ ኪራይ ያዋጣል።

«መንግሥት ብር ካላወጣ ምንም አላዋጣም»

መሬቱስ? የሆንግ ኮንግ ባቡር ኩባንያ፣ አብዛኛው ድርሻው የመንግሥት ነው፣ የጣቢያዎቹን መሬት የማልማት መብት የሚወስደው ባቡሩ ገና እንዳልመጣ ተቆጥሮ በሚወጣ ዋጋ ነው። ከዚያ አልሚ በጨረታ ያስገባና ከጣቢያው በላይ ፎቅ ይነሣል። ትርፉን ይካፈላሉ። ባቡሩ ያስወደደው መሬት መልሶ የባቡሩን ወጪ ይሸፍናል ማለት ነው።

«ኪሳራው ሁሉ የኩባንያው ነው»

ኩባንያው ኪሳራ በነፃ አይሸከምም። መሬቱ ሥር የተበከለ አፈር ይገኛል ብሎ ከሰጋ፣ ስጋቱን ዋጋው ላይ ይጨምራል።

«ጠቀም ያለ ብር በአንዴ የተቀበለ አተረፈ»

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ቺካጎ በ2008 እ.ኤ.አ. የመንገድ ዳር ፓርኪንጓን ለ75 ዓመት ለባለሀብቶች ሰጠች፤ 1.15 ቢሊዮን ዶላር በአንዴ ተቀበለች። (ፎቅ አልተሠራበትም፣ ግን መንገድም የሕዝብ መሬት ነው።) በዓመቱ የከተማዋ ዋና ኢንስፔክተር ሒሳቡን ሠራና ቢያንስ 974 ሚሊዮን ዶላር ቀርቶባችኋል አለ። ባለሀብቶቹ የውሉ ሩብ ጊዜ ሳይሞላ የከፈሉትን መልሰዋል። የተቀበለችውን ብር ደግሞ ከተማዋ አብዛኛውን የበጀት ቀዳዳ ስትደፍንበት በጥቂት ዓመት አለቀ።

ይሄም ይሁን፤ ዋጋ መሳት ያለ ነገር ነው። የባሰው ውሉ ውስጥ ነበር። ከተማዋ መንገድ ለጥገና ወይም ለበዓል ዘግታ፣ መዝጋቱ ከተፈቀደላት መጠን ካለፈ፣ ካሳ ትከፍላለች። በገዛ መንገዷ ላይ፣ መኪና ላልቆመበት ሰዓት።