የሬዚደንሲ ማች፦ ራንክ ሊስታችሁን በግምት አትሙሉ

በየዓመቱ የካቲት ሲገባ ስልኬ አያርፍም። የሚደውሉት አሜሪካ ውስጥ ሬዚደንሲ (ሐኪሞች ሆስፒታል ውስጥ የሚወስዱት የስፔሻሊቲ ሥልጠና) ያመለከቱ የሀገሬ ልጆች ናቸው፣ ሐኪሞች። ቦታቸውን የሚወስነው ማች የሚባለው የኮምፒውተር ምደባ ነው፤ የእነሱን የምርጫ ዝርዝር (ራንክ ሊስት) ከሆስፒታሎቹ ዝርዝር ጋር ያገናኛል። ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው። «በጣም የምፈልገው ሆስፒታል የሚወስደኝ አይመስለኝም። አንደኛ አድርጌው ዕድሌን ከማቃጥል፣ የሚወስደኝን ከላይ ባደርግ አይሻልም?»

አይሻልም። ደጋግማችሁ ብትጠይቁኝም አይሻልም። የማስተምረው አልጎሪዝም (ኮምፒውተር ደረጃ በደረጃ የሚከተለው የስሌት መመሪያ) ነው፣ በተለይ ጌም ቲዎሪና ኮምፒውተር ሳይንስ የሚገናኙበትን ክፍል፤ በዚህ ሙያ ውስጥ እንዲህ ጥርት ብሎ በሒሳብ የተረጋገጠ ምክር ጥቂት ነው። ሆኖም በየዓመቱ ሰው ከጓደኛው የሰማውን ያምናል።

መጀመሪያ ስለ ሙያዬ የሚባሉትን ትንንሾቹን ስህተቶች ቶሎ ልለፋቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«ጌም ቲዎሪ ስለ ኮምፒውተር ጌም ነው።» አይደለም። የእኔ ውጤት በእናንተም ውሳኔ ላይ ሲንጠለጠል ምን ብናደርግ እንደሚያዋጣ የሚያጠና ሒሳብ ነው።

«ናሽ ኢኩሊብሪየም ለሁሉም የሚበጅ ውጤት ነው።» ማንም ብቻውን ውሳኔውን ቀይሮ የማይጠቀምበት ሁኔታ ነው፣ በቃ። ሁሉም ተጎድቶም እዚያው ሊረጋ ይችላል። ጆን ናሽ በ1950 ያረጋገጠው መኖሩን እንጂ መልካምነቱን አይደለም።

«መኖሩ ከታወቀ ኮምፒውተር ቶሎ ያገኘዋል።» ተመራማሪዎቹ ዳስካላኪስ፣ ጎልድበርግና ፓፓዲሚትሪዩ በ2006 ያሳዩት ስሌቱ ለኮምፒውተርም ከባድ መሆኑን ነው። ለሁሉም ጨዋታ የሚሠራ ፈጣን መንገድ እስካሁን አልተገኘም።

አሁን ወደ ዋናው። «የሚወስደኝን ካላስቀደምኩ ቦታዬን ሌላ ይይዘዋል።»

አሠራሩን እንይ። አመልካቹ ፕሮግራሞችን (የሆስፒታሎቹን የሥልጠና ክፍሎች) በፍላጎቱ ቅደም ተከተል ያስገባል። ፕሮግራሞቹም አመልካቾችን እንዲሁ ይደረድራሉ። ኮምፒውተሩ የእናንተን ሊስት ከላይ ይጀምራል። አንደኛ ያላችሁት ፕሮግራም በራሱ ሊስት ላይ ስማችሁ ካለና ክፍት ቦታ ካለው ይይዛችኋል፣ ግን ለጊዜው ነው። ሰው የሚስተው ይህንን ነው። በኋላ ፕሮግራሙ ከእናንተ አስበልጦ ያስቀመጠው ሰው ከመጣና ቦታው ከሞላ ትወጣላችሁ፣ ከዚያ ሁለተኛ ያላችሁት ጋ ትሄዳላችሁ፤ እዚያ ቦታው ሞልቶ ቢጠብቃችሁ እንኳ ፕሮግራሙ ከያዛቸው ሰዎች አንዱን ከእናንተ በታች አስቀምጦት ከሆነ እሱ ወጥቶ እናንተ ትገባላችሁ። ፕሮግራሙ የሚያወዳድራችሁ በራሱ ሊስት ብቻ ነው። እናንተ ስንተኛ እንዳደረጋችሁት አያይም። ዘግይቶ መድረስ ምንም አያስከፍልም።

በምሳሌ ላስረዳ። ሐና «ሀ»ን አንደኛ፣ «ለ»ን ሁለተኛ አደረገች። ዳዊት ልቡ «ሀ» ላይ ነው፣ ግን ፈርቶ «ለ»ን አስቀደመ። «ለ» ያለው አንድ ቦታ ነው፣ ከዳዊት ደግሞ ሐናን ያስበልጣል። ዳዊት ቀድሞ «ለ» ላይ ገባ። ሐናን «ሀ» አልተቀበላትም፣ ወደ «ለ» መጣች፣ ዳዊት ወጣ። ማስቀደሙ ምን ጠቀመው? ምንም። ሐና ባትኖር ደግሞ «ለ» ላይ ይቀርና የሚወደው «ሀ» ሳይሞከር ያልፍ ነበር። ማስቀደሙ ሲከፋ ያስከፍለዋል፣ ሲሻል ምንም አይጨምርለትም።

ይህን ዘዴ ዴቪድ ጌልና ሎይድ ሻፕሊ በ1962 ጻፉት። የሬዚደንሲ ማች ራሱ የተጀመረው ከዚያ ቀድሞ በ1952 ነው፣ ግን ስሌቱ ከፕሮግራሞቹ በኩል ይነሳ ነበር። አልቪን ሮዝና ኤሊዮት ፔራንሰን ከአመልካቹ እንዲነሳ አድርገው አሻሻሉት፣ ከ1998 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። ሮዝና ሻፕሊ በ2012 ኖቤል የተሸለሙት በዚሁ ዘርፍ ሥራቸው ነው።

አንዲት የማውቃት ሐኪም ከኢንተርቪው በኋላ ከአንድ ፕሮግራም የሚያሞካሽ ኢሜይል ደረሳት። በልቧ አራተኛ የነበረውን አንደኛ አደረገችው፣ እዚያም ገባች። ከላይ የነበሩት ሦስቱ ይወስዷት እንደነበር እስካሁን አታውቅም፣ ልታውቅም አትችልም፤ ሊስቷ ከመጀመሪያው ላይ ስለቆመ። ይህ ነው የሚያናድደኝ። የፈለጉትን ያህል ቢያሞካሹ ኢሜይል አያስገባም። የሚያስገባው የፕሮግራሙ ሊስት ነው። ስንተኛ ታደርጉናላችሁ ብሎ መጠየቅ ደግሞ በማቹ ደንብ ለፕሮግራሞች የተከለከለ ነው። ከጠየቋችሁ የመመለስ ግዴታ የለባችሁም።

ሰው ለምን እንዲህ እንደሚያስብ ይገባኛል። ሌላ ቦታ እውነት ነው። የቦስተን ከተማ ትምህርት ቤቶች ምደባ እስከ 2005 ድረስ መጀመሪያ ትምህርት ቤቱን አንደኛ ያሉትን ልጆች ይመድብ ነበር፣ የተያዘውም ቦታ አይነቃነቅም። ተፈላጊውን ትምህርት ቤት አንደኛ ብሎ ያልደረሰው ቤተሰብ ሁለተኛው ጋ ሲደርስ ሞልቶ ያገኘዋል። እዚያ መገመት ያዋጣ ነበር፣ ዘዴው የገባቸው ወላጆች ተጠቀሙ፣ ያልገባቸው ወላጆች ልጆች ተጎዱ። ከተማዋ ያንን ትታ የጌልና የሻፕሊን ዘዴ የያዘችው በዚህ የተነሳ ነው። እንግዲህ የትም ስታመለክቱ መጀመሪያ ደንቡን ጠይቁ። የሬዚደንሲው ግን የታወቀ ነው።

«የውጭ ተመራቂ ሊስት መጨረሻ ላይ ነው የሚታየው።» አልጎሪዝሙ የት እንደተማራችሁ አያውቅም። አድልዎ ካለ ያለው ፕሮግራሞቹ ለኢንተርቪው ሲጠሩና ሲደረድሩ ነው። እሱን ደግሞ የእናንተን ቅደም ተከተል በማዛባት አታስተካክሉትም።

«ሊስት ሲያጥር ቁምነገረኛ ያስመስላል።» ማንም አያየውም። ኢንተርቪው ያደረጋችሁበትንና መሄድ የምትችሉበትን ሁሉ አስገቡ። ታች መጨመር የላይኞቹን ዕድል አይቀንስም፣ ያለ ቦታ የመቅረትን ስጋት ግን ይቀንሳል። ከመሄድ ያለ ቦታ መቅረትን የምትመርጡበት ቦታ ካለ ግን ፈጽሞ አታስገቡ፣ ማቹ አስገዳጅ ውል ነውና።

ባልና ሚስት ጥንድ ሆነው ሲያመለክቱ የፕሮግራም ጥንዶችን ነው የሚደረድሩት፣ በዚህ ጊዜ የሒሳቡ ዋስትና እንደ ነጠላ አመልካች ሙሉ አይደለም። ያም ሆኖ ምክሬ አይለወጥም፤ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩና እውነተኛውን ቅደም ተከተል አስገቡ። ስትጨርሱ ደግሞ ሊስቱን ሰርቲፋይ አድርጉት፣ ማለትም ሲስተሙ ላይ አጽድቁት። ሴቭ ማድረግ ብቻ አይበቃም፣ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ሰርቲፋይ ያልተደረገ ሊስት ማቹ ውስጥ አይገባም።