ኢሞቢላይዘር ምንድን ነው? የመኪና አላርም ልታስገጥሙ ካሰባችሁ

ደሴ ፒያሳ ላይ የመኪና አላርም ሲጮኽ ሰዉን አስተውሉት። ማንም ዞር አይልም። ቡና የሚጠጣው ቡናውን ይጠጣል፣ ባጃጁ ክላክሱን እየነፋ ያልፋል። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር፣ በክረምት በረዶ በወረደ ቁጥር፣ የልጆች ኳስ ጎማ በነካ ቁጥር ስለሚጮኽ ጆሯችን ለምዶታል። አላርም ልትገዙ ስትሄዱ ግን ሻጩ መጀመሪያ የሚያሳያችሁ ይህንኑ ጩኸት ነው። «ስድስት ዓይነት ድምፅ አለው» ይላል። ይኑረው፣ ምን ችግር አለው! ብራችሁን ለድምፁ ብላችሁ አታውጡ እንጂ።

የሚጠየቀው ሌላ ነው። ሌባው በሩን ከፍቶ፣ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ተቀምጦ መኪናውን ሊያስነሳ ሲሞክር ይነሳለታል ወይስ አይነሳለትም? ይህን የሚወስነው ኢሞቢላይዘር ነው።

ኢሞቢላይዘር ትክክለኛውን ቁልፍ ወይም ሪሞት ካላገኘ በቀር ሞተሩ እንዳይሠራ የሚያግድ የኤሌክትሪክ መቆለፊያ ነው። አይጮኽም። ሥራው ሞተሩ የግድ ከሚፈልጋቸው መስመሮች አንዱን መቁረጥ ነው፤ ወይ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን የሞተሪኖውን፣ ወይ የካንዴላውን እሳት፣ ወይ የነዳጁን። አላርም ሰው ይጠራል፤ ኢሞቢላይዘር ሰው ባይመጣም መኪናዋን ባለችበት ያቆያል። ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ አላርሞች ሁለቱንም በአንድ ሳጥን ይዘው ይመጣሉ። ችግሩ ሲገጠሙ የኢሞቢላይዘሯ ሽቦ ብዙ ጊዜ ሳትያያዝ መቅረቷ ነው። ሳይረኑን፣ በሩንና ፍሬቻውን ማገናኘት ቀላል ነው። ይቺኛዋ ጊዜ ትወስዳለች፤ ካልጠየቃችሁ ማንም አይነግራችሁም።

ከፋብሪካ የሚመጣም አለ። በቁልፉ ፕላስቲክ ራስ ውስጥ ባትሪ የሌላት ቅንጣት ቺፕ አለች። ቁልፉን ስትከቱ፣ በማስገቢያው ዙሪያ የተጠመጠመው ሽቦ በሬዲዮ ሞገድ ይቀሰቅሳታል። እሷም መለያዋን ትልካለች፤ የመኪናው ኮምፒውተር ካወቃት ሞተሩን ይፈቅዳል። አውሮፓ ይህን ለአዲስ የቤት መኪኖች ከእ.ኤ.አ. 1998 ጀምሮ ግዴታ አድርጓል። አሜሪካ ግዴታ አላደረገችም፤ ውጤቱንም አይታለች። በእ.ኤ.አ. 2015 ሞዴል የሃዩንዳይና የኪያ መኪኖች ውስጥ ኢሞቢላይዘር እንደ መደበኛ ዕቃ የነበራቸው 26 በመቶዎቹ ብቻ ሲሆኑ፣ በሌሎቹ አምራቾች ግን ቁጥሩ 96 በመቶ ነበር። ኋላ እነዚህን መኪኖች የማስነሳት ዘዴ በቲክቶክ ሲዛመት ታዳጊዎች ሳይቀሩ ሰርቀው ይነዷቸው ጀመር።

እኛ ጋ ያሉት አሮጌ ቶዮታዎች ያላቸውም የሌላቸውም አሉ፤ ስለዚህ ፈትሹ። የቁልፉን ፕላስቲክ ራስ በምግብ ፎይል ጥሩ አድርጋችሁ ጠቅልሉትና አስነሱ። ቺፕ ካለ ሞገዱ ስለሚታገድ መኪናው አይነሳም፣ ወይም ተነስቶ ወዲያው ይጠፋል። ፎይሉ እያለ እንደ ወትሮው ከተነሳ፣ የእናንተ መኪና የሚያውቀው የቁልፉን ጥርስ ብቻ ነው። ለእንዲህ ያለው መኪና ነው ኢሞቢላይዘር ያለው አላርም የሚያዋጣው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፦ የቱ መስመር ይቆረጥ?

ቀላሉና የተለመደው ሞተሪኖውን መቁረጥ ነው። ቁልፍ ታዞራለህ፣ ዝም። አውቶማቲክ ለሆነ መኪና መጥፎ አይደለም። ማንዋል ከሆነ ግን ደሴ ላይ ከቀልድ አይለይም። ከጦሳ ሥር ያለች፣ ሰፈሯ ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት የሆነች ከተማ ውስጥ ነን። ባትሪ የደከመበት ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ታውቃላችሁ፤ የእጅ ፍሬኑን ይለቃል፣ ትንሽ ያንከባልላል፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ለቀቅ ሲያደርግ ሞተሩ ይነሳል። ሌባውም ይህን ያውቃል። የቁልፉን ነገር አንዴ ካለፈው፣ ቁልቁለቱ ራሱ ሞተሪኖው ነው። ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ የሚገፋ ሰው ያስፈልገው ነበር፤ ሆጤ ላይ ማንም አያስፈልገውም።

ስለዚህ ማንዋል መኪና ያላችሁ ነዳጁን ወይም እሳቱን አስቆርጡ። ቤንዚን ሆኖ በኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚሠራ ከሆነ የፓምፑን መስመር። እንደ ድሮዎቹ ኮሮላዎች ካርቡሬተር ከሆነ ፓምፑ ሜካኒካል ስለሆነ እሳቱን የሚያመነጨውን የቦቢናውን። አሮጌ ናፍጣ ከሆነ ነዳጅ የሚዘጋውን የፓምፑን ሶሌኖይድ። የነዳጅ ፓምፕ ሲቆረጥ የሚሆነው ደስ ይላል፤ ቱቦው ውስጥ በቀረው ግፊት ሞተሩ ሊነሳ ይችላል፣ ሌባውም ተሳካልኝ ይላል፣ ጥቂት እንደሄደ መኪናው ይጠፋበታል። መሀል መንገድ ላይ በማይነሳ መኪና ውስጥ ተቀምጦ መታየት የሚፈልግ ሌባ የለም። የአውሮፓው ደንብ መስመር የሚቆርጥ ኢሞቢላይዘር ቢያንስ ሁለት የተለያዩ መስመሮችን እንዲቆርጥ ይጠይቃል። እናንተም ሞተሪኖና ነዳጅ አብረው ይቆረጡልኝ ብትሉ ብዙ አልጠየቃችሁም፤ የሚጨመረው አንድ ሪሌይ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ ነው።

እዚህ ላይ ግን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስለሚያወርደው ስለ ሀረጎ ቁልቁለት ልንገራችሁ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያ ሁሉ ከፍታ በጠመዝማዛ ይወርዳል። በዚያ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ድንገት ቢጠፋባችሁ መሪው ይከብዳል። ፍሬኑም ከሞተሩ የሚያገኘው የአየር ስበት (ቫኪዩም) ባንድ ሁለት ርግጫ ካለቀ በኋላ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ኢሞቢላይዘር በደንብ ካልተገጠመ ይህን ሊያመጣ ይችላል። ተጠምዝዞ በፕላስተር ብቻ የተሸፈነ ሽቦ በንዝረት ይላላል። በብየዳ የተያያዘ፣ በላዩ የተጠቀለለ፣ ከሌላ ገመድ ጋር የታሰረ ሽቦ ግን ይቆያል። ሥራው ሳይሸፈን እዩት። ሠራተኛው ቅር ቢለው ይበለው።

ለኤሌክትሪሻኑ የሚነገሩት ነገሮች ጥቂት ናቸው። አንደኛ፣ ሪሌዩ አላርሙ ሲበላሽ መስመሩ እንደተገናኘ ቀርቶ ሞተሩ እንዲሠራ ተደርጎ ይያያዝ። ባለ አምስት እግር ሪሌይ ላይ 30 እና 87ኤ የሚባሉት እግሮች ናቸው ለዚህ የሚውሉት። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ቁጥሩን ስትጠሩለት ወዲያው ይገባዋል፤ ካልገባው ሌላ ሰው ፈልጉ። ሁለተኛ፣ መኪናው እየሄደ በሪሞት ሞተር የሚያጠፋውን ነገር ይዝጋላችሁ። ልጅ ኪስ ውስጥ ያለ ሪሞት ሲነካካ የሚሆነውን አስቡት። በስልክ የሚያጠፋ ጂፒኤስ ካስገጠማችሁም ፍጥነቱ ሲቀንስ ብቻ የሚቆርጠውን ዓይነት ምረጡ። ሦስተኛ፣ ቢጫ ልባስ ያላቸውን የኤር ባግ ሽቦዎች እንዳይነካ።

ሪሞቱን በተመለከተ፣ ሮሊንግ ኮድ ይሁን። በርካሾቹ ላይ ቁልፉ በተነካ ቁጥር የሚወጣው ያው አንድ ቁጥር ነው፤ ቀድቶ መልሶ መልቀቅ ይቻላል። ሮሊንግ ኮድ ግን ሁልጊዜ አዲስ ቁጥር ይልካል፣ ያለፈውን ቁጥር አላርሙ አይቀበልም። የሪሞቱ ኮድ በር የሚከፍት ባዶ ሪሞት ላይ ባንዴ የሚገለበጥ ከሆነ የቆየው ዓይነት ነው፣ ተዉት።

ባለ አይሱዙዎች፣ አንድ ነገር ብቻ። እዚህ የምናየው አብዛኛው አይሱዙ 24 ቮልት ነው። የቤት መኪና አላርም የሚሠራው በ12 ቮልት ነው። ሲገጠም ሊጮኽ ይችላል፣ ከዚያ ጭስ ነው። ካርቶኑ ላይ 24 ቮልት የሚል ካላያችሁ አትግዙ።

ባትሪ ይበላል ወይ? ይበላል፣ ግን ያን ያህል አይደለም። 20 ሚሊአምፒር የሚወስድ አላርም በቀን ግማሽ አምፒር ሰዓት ገደማ ይፈጃል። 45 አምፒር ሰዓት ባትሪ ቢሆን ለአንድ ወር ቆሞ ሲሶው ይሄዳል። ባትሪው አዲስ ከሆነ አብሽሩ። ያረጀ ከሆነና ለጥቂት ሳምንታት አገር ለቃችሁ የምትሄዱ ከሆነ፣ በደሴ ብርድ ጠዋት ሞተሪኖው እንዲያንቋርር አትፍረዱበት፤ የባትሪውን ገመድ ነቅላችሁ ሂዱ።

ኢሞቢላይዘር የማያድነውንም ልንገራችሁ። ስፖኪዮ። መስታወቱን ነቅሎ ለሚሮጥ ሰው ሞተሩ ቢነሳ ባይነሳ ምኑ ነው? ለዚያ የሚያገለግለው ንዝረት የሚሰማው ሴንሰር ነው። ጠመዝማዛ ማስተካከያ ስላለው ስፖኪዮውን በመዳፍ ስትመቱ እንዲጮኽ፣ ከባድ መኪና ሲያልፍ ዝም እንዲል አስተካክሉት። የታርጋ ቁጥር መስታወቱ ላይ ማስቀረጽ ደግሞ ከማንኛውም ሴንሰር ይረክሳል።

በቅርቡ የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነፃ ናችሁ። ኢሞቢላይዘሩ ውስጡ ነው፤ ማንም ሽቦውን እንዳይቆርጥባችሁ፣ በተለይ ብርቱካናማውን፤ ገዳይ ቮልት ነው።

መኪናችሁን ስትረከቡ ገንዘቡን ከመቁጠራችሁ በፊት ሞክሩት። መስኮቱን ዝቅ አድርጋችሁ ውስጥ ተቀመጡ፣ በሪሞት ቆልፉ፣ ቁልፉን አዙሩ። ከዚያ ማንዋል ከሆነ ጭር ያለ ቁልቁለት ላይ ሁለተኛ ማርሽ አስገብታችሁ ለማስነሳት ሞክሩ። ተነስቶ ቀጥ ብሎ ከሄደ ሥራው አላለቀም፣ መልሱለት። ካልሄደ የድንገተኛ መክፈቻዋ የተደበቀችበትን ቦታ ጠይቁት፤ ሪሞቱ ሲሞት ሞተሩን የምትለቀው እሷ ናት። ሁለተኛውን ሪሞት ደግሞ መኪና ውስጥ ሳይሆን ቤት አስቀምጡት።