እየሠሩ ቢዝነስ መማር፦ ሰው የሚለውና እውነታው

ሥራ ሳልለቅ አካውንቲንግ ወይም ማኔጅመንት ልማር ነው ካላችሁ ምክር ከየአቅጣጫው ይዘንብባችኋል። አብዛኛው ከቅን ልብ ነው፤ ግማሹ ግን አያዋጣም።

«የማታ ዲግሪ ያው የማታ ነው»

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ይህ ወሬ መቆሚያ የለውም። በዚያ ዓመት የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ግዴታ ሆነ። የመደበኛው፣ የማታው፣ የርቀቱና የግል ኮሌጁ ተማሪ በአንድ የትምህርት ዓይነት የሚቀመጠው ለአንድ ፈተና ነው። ማለፊያው 50 በመቶ ነው። የምትፈተኑበት ኮምፒውተር ቀን ተማራችሁ ማታ ብሎ አይጠይቅም።

«በሙያው ስለምትሠራ ትምህርቱ ይቀልሃል»

ሰው በብዛት የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ ዓመታት የሠራ ሰው ደረሰኝ ሲያይ እጁ ራሱ ይሄዳል። ወደ ሌጀር፣ ማለትም ወደ ዋናው የሂሳብ መዝገብ፣ የሚያስተላልፈው ግን ሶፍትዌሩ ነው። ባዶ ወረቀት ተሰጥቶት የዓመት መጨረሻ ማስተካከያዎችን መዝግብ ሲባል ላብ ያጠምቀዋል።

የሕንፃ ዲፕሪሲዬሽን፣ ማለትም የዓመቱ የእርጅና ቅናሽ፣ ስንት ነው ብትሉት «5 በመቶ» ይላችኋል። ልክ ነው፣ ለግብር። አይኤፍአርኤስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ ግን ሕንፃው ስንት ዓመት እንደሚያገለግል የሚገምተው ድርጅቱ ራሱ ነው። ቢሮ ውስጥ አንዱን መልስ ብቻ የለመደ ሰው ፈተናው ሌላኛውን ሲጠይቀው ግራ ይገባዋል።

የክፍሉ ትምህርትም ቢሆን ከስህተት ንጹሕ አይደለም። አንዳንድ ሃንድአውት የአሜሪካን መጽሐፍ ተከትሎ «ላይፎ»ን፣ ማለትም መጨረሻ የገባው ዕቃ መጀመሪያ እንደተሸጠ የሚቆጥረውን ዘዴ፣ እንደ አንድ አማራጭ ያስተምራል። አይኤፍአርኤስ አይፈቅደውም። አገራችን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 847/2006 ወደዚያ ደረጃ ለመግባት ከወሰነች ቆይታለች። እየሠራ የሚማር ሰው እንዲህ ያለውን ግጭት ቶሎ ያያል። ይጠይቅ። መምህሩ ሊናደድ ይችላል፤ ይናደድ።

«ችግሩ ጊዜ ማጣት ነው»

ጊዜስ ተፈልጎ ይገኛል። የሚጠፋው ጉልበት ነው። ከ11፡30 ጀምሮ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ተምሮ፣ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ቆሞ ቤቱ የገባ ሰው መጽሐፍ ቢገልጥም አንዷን መስመር ነው የሚደጋግማት። ተኝቶ ሌሊት 11 ሰዓት ቢነሳ ይሻለዋል።

ፋይናንስ ክፍል ለሚሠሩ ደግሞ ሰኔ አለ። የመንግሥትም የብዙ ድርጅቶችም የሂሳብ ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ የሁለተኛው ሴሚስተር ፋይናልም ብዙ ጊዜ እዚያው አካባቢ ነው። የዓመት መዝጊያ ቆጠራ ላይ ያለ አለቃ ደግ ቢሆን እንኳ ፈቃድ ከየት ያመጣል? ስለዚህ ከባዱን ኮርስ ከተቻለ በመጀመሪያው ሴሚስተር መጨረስ ነው። በክሬዲት ሰዓት በሚያስከፍል ቦታ አንድ ኮርስ ቀንሶ መመዝገብ ምረቃን ይገፋል እንጂ ብር አያባክንም።

«ዲግሪው ሲያዝ እድገቱ ይመጣል»

ክፍት ቦታ ካለ። ባንክ ያሉት ያውቁታል፦ የውስጥ የሥራ ማስታወቂያ ይወጣል፣ ቦታው የሚገኘው ተወዳድሮ ነው። ማስረጃው የሰው ሀብት ጋ ካለው ማኅደር ካልገባ ደግሞ ውድድሩም የለም።

«መሥሪያ ቤቱ ከከፈለልህ ነፃ ነው»

ብዙ ጊዜ ከክፍያው ጋር የአገልግሎት ግዴታ ውል ይመጣል። ከምረቃ በኋላ ስንት ዓመት? ቀድሞ የለቀቀ ምን ያህል ይመልሳል? ዋስ ይጠየቃል? ከመፈረም በፊት እነዚህን ሦስቱን አንብቡ።

«ኮሌጁ ዕውቅና አለው»

የትኛው ፕሮግራም? የትኛው ካምፓስ? የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም በጅምላ አይደለም፤ በየፕሮግራሙና በየካምፓሱ ነው፣ መደበኛና ርቀትም ተለይተው። በር ላይ የተሰቀለውን ባነር ትታችሁ የምትመዘገቡበት ፕሮግራም በዚያው ካምፓስ መፈቀዱን ከባለሥልጣኑ አረጋግጡ። ይህን ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት አድርጉት።