የባሌት ፊልም ምንድን ነው?

«ባሌቱን በካሜራ ቀርጸው ነው እንጂ ሌላ ምን አለው?» ሲባል ስለ ባሌት ፊልም ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ሰማሁ። ባሌት ያለ ንግግር በሙዚቃ የሚቀርብ የአውሮፓውያን የመድረክ ውዝዋዜ ነው። የመጨረሻው ተናጋሪ ጭራሽ ሠርግ ላይ የተቀረጸ እስክስታ ከስልኩ አውጥቶ «የእኛም የባሌት ፊልም ይኸውልህ» አለኝ። ውዝዋዜ አሠልጣኝ ነኝና ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ቀረጻ ሌላ፣ ፊልም ሌላ። መንዝ ውስጥ ባና ተከናንቦ «በርኖስ ለበስኩ» የሚል ሰው የለም። ሁለቱም የበግ ጸጉር ናቸው። በርኖስ እንዲሆን ግን ልብስ ሰፊው ይለካል፣ ይቆርጣል፣ ትከሻውን ያወጣል። ካሜራን ከአዳራሹ ኋላ ተክሎ መድረኩን መቅረጽ ባና መከናነብ ነው፤ ይሞቃል፣ አልጠላሁትም። የባሌት ፊልም ግን መቀስ የገባበት ነው፤ ውዝዋዜው ለካሜራ ተብሎ እንደገና ይሰናዳል። ክፉ መቀስ ደህናውን ባና እንደሚያበላሸውም አውቃለሁ።

ሮሚዮና ጁልየትን እንውሰድ። ኬኔት ማክሚላን በፕሮኮፊዬቭ ሙዚቃ እ.ኤ.አ. በ1965 ለለንደኑ ሮያል ባሌት ያዘጋጀው ውዝዋዜ እ.ኤ.አ. በ2019 ፊልም ሲሆን፣ ዳንሰኞቹ ሃንጋሪ ውስጥ ለቀረጻ በተሠራ ከተማ ጎዳና ላይ ወጡ። ርዝመቱም ወደ አንድ ሰዓት ተኩል አጠረ።

ጁልየት ወላጆቿ የመረጡላትን ሰው አላገባም ብላ ብቻዋን የቀረችበትን ቦታ ልብ በሉ። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ትላለች። ሙዚቃው አዳራሹን ይንጠዋል፤ እሷ አትንቀሳቀስም። ማክሚላን የሠራው እንዲህ አድርጎ ነው። ከኋላ ወንበር ለሚያይ ሰው ትንሽ ነጥብ ናት። ካሜራ ሲጠጋት ግን ትንፋሿ ሲያጥር፣ ውሳኔዋ ዓይኗ ውስጥ ሲጸና ይታያል። ያኔ ካሜራው ራሱ አብሯት ይወዛወዛል። «ተቀምጣ ምኑን ጨፈረች?» የሚል ቢኖር፣ ከዚህ የከበደ ውዝዋዜ አላሠለጠንኩም።

ሁሉም ነገር ግን በቅርብ አይያዝም። እስክስታን ከደረት በላይ ብቻ የሚቀርጹ ሰዎች ያንገበግቡኛል። ትከሻው የሚታዘዘው ጉልበት ሲለሰልስ ነው፤ ጉልበቱ ከሌለ መንዘፍዘፍ ይመስላል። የባሌት ዝላይም ወለሉ ካልታየ ከፍታው አይታወቅም። ጎዳና ላይ መዝለል ደግሞ ለብቻው ፈተና ነው፤ ጥሩ የመድረክ ወለል ሸብረክ ብሎ ይቀበላል፣ ደረቅ መንገድ ግን ጫናውን ለቁርጭምጭሚት ይመልሳል። ተማሪዎቼን ሲሚንቶ ላይ የማላዘልለው ለዚህ ነው።

የሠርጉን ቪዲዮ መልሼ አየሁት። ልጅቷ ጎበዝ ናት። መሀል ላይ ግን እየወዘወዘች ቁጢጥ ስትል ከምስሉ ወጣች፤ ለጥቂት ጊዜ የሚታየው የዳሱ ሸራ ብቻ ነው። ቀራጩ ከእሷ ጋር ተለማምዶ ቢሆን ኖሮ አብሯት ዝቅ ይል ነበር።