ኦዳፕ ምንድን ነው? እንዴትስ ይለካል?

አክስቴ የጓያ ንፍሮ ስትጥድ እኛን ልጆቹን ከቤት ታስወጣን ነበር። «እንፋሎቱ እግር ይሰብራል» ትላለች። ወሎ ውስጥ እንዲህ የሚል ሰው ዛሬም አይጠፋም። ጓያ እግር መስበሩ እውነት ነው። በእንፋሎቱ ግን አይደለም።

ጥፋተኛው ፍሬው ውስጥ ያለ ኦዳፕ የሚባል አሚኖ አሲድ ነው። ህንዳውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1964 ለይተው አወጡት። ጣጣው መልኩ ላይ ነው፤ ግሉታሜትን ይመስላል። ግሉታሜት ደግሞ የነርቭ ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡበት ኬሚካል ነው። ኦዳፕ እሱን መስሎ ይገባና ሴሉን ያለ ዕረፍት ይቀሰቅሰዋል፣ እስኪጎዳው ድረስ። አንድ ቀን ሽሮውን በመብላት የሚመጣ ነገር አይደለም። ድርቅ ሌላውን ሰብል ሲያጠፋ ጓያ ይተርፋል፤ ሰውም ለወራት እሱኑ ይበላል። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወሎ ውስጥ ደላንታ ዳውንት በሚባለው ወረዳ ብዙ ሰው ጓያ የሰበረው እንዲህ ነው።

የትኛው ዘር የከፋ እንደሆነ በዓይን አይለይም። ኦዳፕ ብዙውን ጊዜ ከፍሬው ክብደት 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ፍሬው ተፈጭቶ በአልኮልና በውሃ ይዘፈዘፋል፣ ዝቃጩ ይለያል። ኦዳፕ ብቻውን ለመለኪያ መሣሪያው በደንብ ስለማይታይ፣ እንዲታይ የሚያደርገው ሌላ ኬሚካል ይለጠፍበታል። ከዚያ በከፍተኛ ግፊት ወደ ኮለም ይገፋል። ኮለም በደቃቅ ዱቄት የተጠቀጠቀ፣ ስንዝር የሚያህል ቀጭን የብረት ቱቦ ነው።

ሰኞን ባቲ ገበያ አስቡት። ሁሉም በአንድ በር ይገባል። ጉዳይ የሌለው ሰው ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ በየመደቡ ቆሞ ዋጋ የሚጠይቀው ግን ይዘገያል። ኮለሙ ውስጥም እንዲሁ ነው። ከዱቄቱ ጋር የሚጣበቀው ይዘገያል፣ የማይጣበቀው ይቀድማል። መውጫው ላይ ያለው መሣሪያ እያንዳንዱን እንደ ጉብታ ይስለዋል። ኦዳፕ የሚወጣበት ሰዓት አስቀድሞ በንጹሕ ኦዳፕ ተለክቶ ታውቋል። ጉብታው የሚሸፍነው ቦታ ስፋት መጠኑን ይነግረናል።

ኬሚካል ጨምሮ በሚወጣው ቀለም ድምቀት የሚለካው ርካሹ የቀለም ምርመራስ? ይሠራል፣ ግን አንድ ነገር ያመልጠዋል። ኦዳፕ ሲሞቅ ከፊሉ መርዝነቱ ወደቀነሰ መንትያው ይቀየራል። ቀለሙ ሁለቱን አንድ ላይ ይቆጥራቸዋል፤ ኮለሙ ይለያቸዋል። የበሰለ ምግብ ሲመረመር ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። የሚመረመረው የሰው ደም ሲሆን ሥራው ይብሳል፤ መጀመሪያ ፕሮቲኑ መውጣት አለበት፣ የሌሎች አሚኖ አሲዶች ጋጋታም አለ።

ኦዳፕ በውሃ ይሟሟል እንጂ በእንፋሎት አይነሳም። አክስቴ እኛን ከእንፋሎቱ ታሸሻለች፤ ጓያውን ግን በዘፈዘፈችበት ውሃ ነበር የምትቀቅለው።