ለገሃርና የምኒልክ ባቡር፦ ሰምቼ የሰለቸኝ ወሬ

ሥራዬ ማስጎብኘት ነው፣ ከስታዲየም እስከ ፒያሳ ያለውን መንገድ ከእንግዳ ጋር ስመላለስ ነው የምውለው። ለገሃር፣ የድሮው ባቡር ጣቢያ ጋ ቆሜ ማስረዳት ስጀምር የኛው ሰው ከጎን ያልፍና "ይሄን'ኮ ምኒልክ ናቸው ያሰሩት፣ ባቡሩ የገባ ቀን እዚህ ቆመው ነው የተቀበሉት" ብሎ ይጨምርልኛል። ኧረ በፈጠራችሁ!

ምኒልክ ያረፉት ታኅሣሥ 1906 ነው። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው 1909። ዙፋኑ ላይ የነበሩት ልጃቸው ዘውዲቱ ናቸው፣ አልጋ ወራሹ ደግሞ ራስ ተፈሪ። ህንፃው ጭራሽ ከዛም በኋላ ነው፣ የተመረቀው 1922 ላይ፣ ንድፉን የሰራው ፖል ባሪያ የሚባል ፈረንሳዊ አርክቴክት።

ምኒልክ ምንም አልሰሩም አላልኩም፣ እንዳትሰድቡኝ። በ1886 ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን የሰጡት እሳቸው ናቸው። ግን ነገሩ እንደታሰበው አልሄደም። ከጅቡቲ ሥራው 1890 ላይ ተጀመረ፣ 1895 ላይ ድሬዳዋ ደረሰ፣ እዛው ቀረ። መጀመሪያ በሐረር ሊያልፍ ነበር፣ ተራራውን መውጣት ብዙ ገንዘብ ስለሚበላ ሜዳ ሜዳውን ይዞ ዞረ፣ ድሬዳዋ ከተማ የሆነችው በዚሁ ሰበብ ነው። ከዛ ኩባንያው ብር አለቀበት፣ የፈረንሳይ መንግስት እጁን ሲያስገባ ምኒልክ ተቆጡ፣ እንግሊዝና ጣሊያንም የየራሳቸውን ጥቅም ይዘው ገቡበት፣ ኩባንያው ከሰረ፣ ሌላ ኩባንያ ተቋቋመ፣ ሀዲዱ ወደ አዲስ አበባ መጠጋት ሲጀምር ንጉሡ ታመው አልጋ ላይ ነበሩ። ይሄን ሁሉ ዘሎ "ምኒልክ ተቀበሉት" ማለት ሰውየው የደከሙበትን ነገር ማቅለል ነው የሚመስለኝ።

"ታዲያ አያቴ ምኒልክ ባቡር አስመጡ ሲሉ የሰማሁትስ?" ካላችሁ፣ የሰርኪስ ባቡር ነዋ! አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው፣ ሀዲድ የማይፈልግ፣ በእንፋሎት የሚሄድ የመንገድ ማሽን። እሱ በእርግጥ በምኒልክ ዘመን ነው የገባው። ሁለቱን አቀላቅለን አንድ አደረግናቸው። አንድ ጊዜ ተማሪዎቹን ይዞ የመጣ መምህር ይሄንኑ ለልጆቹ ሲያስተምር ሰምቼ ዝም ማለት አቃተኝ፣ ዓመተ ምህረቶቹን ነገርኩት፣ ጎግል አድርጎ ካየ በኋላ "ለማንኛውም የምኒልክ ሥራ ነው" አለኝ። በቃ ምን ይባላል።

የጣቢያውን ህንፃ ጣሊያን ሰራው የምትሉ፦ 1922 ላይ ጣሊያን አዲስ አበባን ገና አልያዘም። ያረጀና ያማረ ህንፃ ሁሉ ለጣሊያን አይሰጥም።

አንበሶቹንም አታምታቱ። ጣቢያው ፊት ለፊት ያለው የይሁዳ አንበሳ ለ1923ቱ የአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል የተሰራ ነው፣ ብሔራዊ ቴአትር ጋ ያለው የድንጋይ አንበሳ ለእሳቸው የብር ኢዮቤልዩ የቆመ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ልዩነት አላቸው። ጣሊያን ዘርፎ ሮም የወሰደው የመጀመሪያውን ነው፣ ኋላ ተመልሷል። ዘርዓይ ደረስ ሮም ላይ ጎራዴ የመዘዘው እዛ አንበሳ ጋ ነው፣ ግን እዛው አደባባዩ ላይ ተገደለ የሚባለው ልክ አይደለም፤ ታስሮ ኖሮ በ1937 ሲሲሊ ውስጥ ነው ያረፈው። ታስሮ መኖሩ ጀግንነቱን ምን ይቀንሰዋል?

የጅቡቲ ባቡር ከለገሃር ይነሳል የሚለው ደግሞ ሰው ያስቸግራል፣ ምክንያቱም አምነው ሻንጣቸውን እየጎተቱ የሚመጡ አሉ። የድሮው መስመር የአዲስ አበባ ድሬዳዋው ክፍል 2000 አካባቢ ቆሟል። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መነሻው ፉሪ ለቡ ነው፣ ከተማው ዳር። አንዲት ድሬዳዋ ለቤተሰብ ሰርግ የምትሄድ ሴትዮ ጠዋት ለገሃር ቆማ አግኝቻት ሜትር ታክሲ ጠርቼላት ነበር፣ አልደረሰችም። ስለዚህ ቀደም ብላችሁ ሰዓቱን አረጋግጡ፣ ትኬት ቀድማችሁ ቁረጡ፣ መታወቂያ አትርሱ፣ ከመሀል ከተማ ሌሊት ተነሱ፣ ውሃና ስንቅ ያዙ፣ መንገዱ ረጅም ነው። ቀላል ባቡሩ ያደርሰኛል አትበሉ፣ ወደ ለቡ አይሄድም።

ቀላል ባቡሩ በድሮው ሀዲድ ላይ ነው የሚሄደው? አይደለም። የድሮው ስፋቱ 1 ሜትር ነው፣ የቀላሉ 1.435።

"በአፍሪካ የመጀመሪያው"ም አይደለም። የኛ የጀመረው መስከረም 2008 (በፈረንጅ 2015)፣ ካይሮ በፈረንጅ 1987 ሜትሮ ነበራት፣ ቱኒስ ደግሞ ቀላል ባቡር ከ1985 ጀምሮ።

እና ለገሃር ቀላል ባቡር የምትጠብቁ፣ የመጣው ላይ ዘላችሁ አትግቡ። ከልደታ እስከ ስታዲየም ሁለቱም መስመሮች አንድ ሀዲድ ነው የሚጋሩት፣ ከስታዲየም በኋላ አንዱ ወደ አያት አንዱ ወደ ቃሊቲ ይለያያሉ። ግንባሩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፣ ካልታያችሁ አጠገባችሁ ያለውን ሰው ጠይቁ።